ሐይቅ የሌለው ተራራ፦ የጠራ ውኃ ፍለጋ ከጊች እስከ ሐይቅ እስጢፋኖስ

ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ፥ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኘው የጊች አምባ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፥ ጓሳና ጅባራ የለበሰ አገር ነው። ውኃ አላጣም። በአምባው ላይ የሚፈልቁት ምንጮች ተሰባስበው ከጅንባር ወንዝ ጋር ይቀላቀላሉ፤ ጅንባርም ከአምባው ጠርዝ ሲደርስ 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ወደሚወርደው የጊች ገደል ይወረወራል። በበጋ ወራት ይህ ውኃ ኩልል ብሎ የሚፈስ፥ ከሥሩ ያለው ጠጠር አንድ ባንድ የሚቆጠርበት ነው። ሐይቅ ግን በጊች የለም። በጊች ብቻ ሳይሆን በመላው ከፍተኛ ስሜን፥ ከልማሊሞ እስከ ራስ ደጀን ድረስ፥ አንድ ጠላቂ አየሩን በጀርባው አዝሎ ሊወርድበት የሚችል ጥልቅና የረጋ ውኃ አይገኝም።

ይህ ነገር ሌሎች ከፍተኛ ተራሮችን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ይሆንበታል። በአልፕስም ሆነ በኬንያ ተራራ፥ በሩዌንዞሪም ሆነ በአንዲስ፥ ከጫፎቹ ሥር ትንንሽና ጥርት ያሉ ሐይቆች አሉ። ስሜን እንደ እነዚህ ከፍተኛ የሆነ፥ በአንድ ወቅትም የበረዶ ግግር የነበረበት ተራራ ሆኖ ሳለ ለምን ሐይቅ አጣ? በኢትዮጵያስ የጠራ የተራራ ሐይቅ የሚፈልግ ሰው ወዴት ማቅናት አለበት? የዚህ ጥያቄ መልስ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ የሚዘልቅ የፍለጋና የልኬት ታሪክ አለው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ስሜን ብርድ የተጻፈው ጥንታዊው ቃል በአዱሊስ ወደብ በድንጋይ ዙፋን ላይ የተቀረጸው የግሪክኛ ጽሑፍ ነው። ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ በዐፄ ካሌብ ዘመን፥ ይህን ጽሑፍ ገልብጦ ባያስቀረው ኖሮ ድንጋዩ ራሱ ስለ ጠፋ ነገሩ ሁሉ በጠፋ ነበር። ጽሑፉን ያስቀረጸው ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ ወንዝ ተሻግሮ የስሜንን ሰዎች እንደ ወጋ ይናገራል፤ አገራቸውም ለመውጣት የሚያስቸግርና አመዳይ የማይለየው ተራራ እንደ ሆነ፥ የአመዳዩም ጥልቀት ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰጥም ይገልጻል። ተሻገርሁት ያለው ወንዝ ተከዜ መሆኑን ብዙ ሊቃውንት ይስማሙበታል። የጦር ድል የሚዘረዝር ንጉሥ ስለ አየር ጠባይ መናገሩ ሠራዊቱ ብርዱን ምን ያህል እንዳማረረው የሚያስረዳ ይመስላል። ስለ ሐይቅ ግን አንድም ቃል የለም።

በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ስሜን የወጡት አውሮጳውያንም ሐይቅ አላገኙም። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የጀርመን ተፈጥሮ ተመራማሪ በ1830ዎቹ መጀመሪያ በስሜን አልፎ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ። ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች በ1841 ራስ ደጀን ላይ ወጥተው ከፍታውን ለኩ። የራስ ደጀን ከፍታ ነገር ራሱን የቻለ ትምህርት አለበት። በትምህርት ቤት መጻሕፍት ለብዙ ዘመን 4,620 ሜትር እየተባለ ሲጻፍ ኖሯል፤ በኋላ የተደረጉት ልኬቶች ግን ተራራውን ወደ 4,550 ሜትር ወይም ከዚያም ትንሽ ዝቅ አድርገውታል። አንድ ቁጥር አንዴ በመጽሐፍ ከገባ ተራራው ራሱ መጥቶ ቢመሰክር እንኳ በቀላሉ አይወጣም። ይህ ነገር ወደ ሐይቆቹ ጥልቀት ስንደርስ እንደገና ያጋጥመናል።

ስሜን በአንድ ወቅት የበረዶ ግግር እንደ ነበረበት በማስረጃ መታወቅ የጀመረው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ስዊድናዊው ኤሪክ ኒልሶን በ1930ዎቹ በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ የጥንቱን የአየር ለውጥ ሲመረምር የስሜንንም ምልክቶች ተመለከተ። እንግሊዛዊው ሂዩ ስኮት በ1952 እና 1953 በከፍተኛው ስሜን ተዘዋውሮ ነፍሳትንና ዕፀዋትን ሰበሰበ። ከሁሉ የበለጠ ዝርዝር ጥናት ያደረገው ግን በ1970ዎቹ በስሜን ብዙ ጊዜ የቆየው የስዊስ ተወላጅ ሃንስ ሁርኒ ሲሆን፥ ውጤቱም በ1982 ታትሟል። ጥናቱ እንዳመለከተው በመጨረሻው የቅዝቃዜ ዘመን በራስ ደጀን፥ በስልኪና በቧሂት ጫፎች ዙሪያ ትንንሽ የበረዶ ግግሮች ነበሩ፤ በረዶው ገፍቶ ያመጣው የድንጋይና የአፈር ክምር ዛሬም በቦታው ይታያል። አሁን አመዳይ በከፍተኞቹ ጫፎች ላይ አልፎ አልፎ ቢወርድም ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል።

እንግዲህ በረዶ ከነበረ ሐይቁ የት ሄደ ቢባል፥ ምክንያቱ ከተራራው ቅርጽና ከአፈሩ ጠባይ የሚመጣ ነው። የበረዶ ግግር ሐይቅ የሚሠራው በክብደቱና በእንቅስቃሴው ዐለቱን ቦርቡሮ ጎድጓዳ ቦታ ሲያወጣ፥ ወይም የገፋው ክምር ሸለቆን እንደ ግድብ ሲዘጋ ነው። የስሜን ግግሮች ግን ትንንሾች ነበሩ፤ የተንጠለጠሉትም በቁልቁለት ላይ ነበር። ከእነርሱ ሥር ያለው ምድር ወደ በለገዝ፥ ወደ ማይሻሃ፥ በመጨረሻም ወደ ተከዜ የሚወርድ ገደላማ አገር ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የተደራረበው ጥቁር ድንጋይ ዘመን በቆየ ቁጥር በውኃ እየተገዘገዘ ጥልቅ ሸለቆ ሆኗል። ውኃ የሚቆምበት ስፍራ ሳይሆን መውረጃ ብቻ ቀረ ማለት ነው።

ሌላው ምክንያት አፈሩ ነው። በጊችና በአካባቢው ያለው ጥቁር፥ ቀላልና ፍርክርክ የሚል አፈር ዝናብን እንደ ሰፍነግ ይመጣል። በ1970ዎቹ በጊች ሰፈር በተተከለው የአየር ጠባይ መለኪያ ጣቢያ የዓመቱ ዝናብ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ተመዝግቦ ነበር። ይህ ሁሉ ውኃ በሐይቅ ፈንታ በአፈር ውስጥ ይቀመጥና በበጋ ቀስ እያለ በየምንጩ ይወጣል። ጅንባርን በደረቅ ወራት የሚያኖረው ይኸው ነው። ስለዚህ የጊች ሐይቅ ከመሬት በታች ነው ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። ይሁን እንጂ ገበሬው እስከ 3,700 ሜትርና ከዚያም በላይ ባለው ቁልቁለት ገብስ ሲዘራ በኖረበት አገር አፈሩ እየታጠበ፥ የሰፍነጉ ውፍረት እየሳሳ መሄዱን እነዚሁ ጥናቶች አመልክተዋል። በ1969 ብሔራዊ ፓርክ፥ በ1978 የዓለም ቅርስ የሆነው ስሜን ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ የኖረበት አንዱ ምክንያት ይህ የእርሻና የግጦሽ ጭነት ነው። በ2016 የጊች መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ከአያት ከቅድመ አያት መሬት ተነሥቶ በከተማ ዳር አዲስ ኑሮ መጀመር ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቀው የተነሣው ሰው ነውና፥ ስለ ምንጮቹ ደኅንነት የሚናገር ሁሉ ይህን ዋጋ ዘንግቶ መናገር የለበትም።

ከስሜን ተስፋ የቆረጠ ሐይቅ ፈላጊ በመጀመሪያ የሚያቀናው ወደ ባሌ ነው። ባሌ ከስሜን የሚለየው ሰፊና ዝርግ ስለ ሆነ ነው፤ የሳነቴ አምባ በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። በቅዝቃዜው ዘመን ይህን አምባ የሸፈነው በረዶ በጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ሳይሆን እንደ ቆብ የተደፋ ነበር፤ ሲቀልጥም ብዙ ጎድጓዳ ቦታዎችን ትቶ ሄደ። ኦስትሪያዊው ሃይንትስ ሎፍለር፥ የሞቃታማ አገሮችን የተራራ ሐይቆች በማጥናት የታወቀው ሊቅ፥ ስለ ባሌ ሐይቆች የጻፈውን በ1978 አሳተመ። ከእነዚህ ሐይቆች በሳይንስ ዘንድ የታወቀው 3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ጋርባ ጉራቻ ነው፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ ጥቁር ሐይቅ ማለት ነው። መሐመድ ዑመር የተባለው ኢትዮጵያዊ የሥነ ምድር ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ከሐይቁ ወለል ያወጣው የደለል ዓምድ በ2007 በታተመው ጥናት እንደ ተገለጸው ከ16,000 ዓመት በላይ የሆነ የአየር ጠባይና የዕፀዋት ታሪክ ይዟል። ለታሪክ ይህን ያህል የበለጸገው ሐይቅ ለጠላቂ ግን ድኻ ነው። የውኃው ጥልቀት 6 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ጎድጓድ በደለል ተሞልቷል። በሳነቴ ካሉት ሌሎች ውኆችም ብዙዎቹ ጥልቀት የሌላቸው፥ አንዳንዶቹም በበጋ የሚደርቁ ናቸው።

ጠላቂው ማን ነው፥ ወደ ተራራስ ለምን መጣ? በጀርባ በሚታዘል የታመቀ አየር መጥለቅ የተስፋፋው ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉ ፈረንሳውያን በ1943 የአየር መቆጣጠሪያውን መሣሪያ ከሠሩ በኋላ ነው። መሣሪያው ወደ እኛ አካባቢ ለመድረስ ብዙ ዓመት አልፈጀበትም። በ1952 እና 1953 በብሩኖ ቫይላቲ የተመራው የጣሊያን የባሕር ውስጥ ጉዞ ቀይ ባሕርንና የዳህላክን ደሴቶች ዳሰሰ፤ ፎልኮ ኩይሊቺ ያዘጋጀውም ፊልም በ1954 ወጣ። በዚያን ጊዜ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሕዳ ስለ ነበር የዳህላክ ውኃ እንደ አገር ውስጥ ውኃ ይቆጠር ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይልም ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ነበር። በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር በር አልባ ሆነች። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ምድር ውኃ ውስጥ መውረድ የሚሻ ሰው ያለው ምርጫ ሐይቅ ብቻ ነው።

ሐይቅ ደግሞ ባሕር አይደለም። ልዩነቱም የጨው ማነስ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ከፍታው ነው። አንድ ሰው በውኃ ውስጥ በቆየ ቁጥር ከሚተነፍሰው አየር ውስጥ ናይትሮጅን የተባለው ክፍል በግፊት ኃይል ወደ ሰውነቱ ይሰርጋል፤ ሲወጣም ግፊቱ ስለሚቀንስ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። አወጣጡ ከተቻኮለ ናይትሮጅኑ በደምና በመገጣጠሚያ ውስጥ አረፋ ሆኖ ብርቱ ሕመም፥ አልፎም ሽባነትና ሞት ያስከትላል። በተራራ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ያነሰ ነው፤ በጊች ከፍታ 65 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ በጊች ከፍታ ባለ ሐይቅ 20 ሜትር ወርዶ የሚመለስ ሰው የሚያልፍበት የግፊት ምጣኔ በባሕር 30 ሜትር ወርዶ የሚመለሰው ሰው ከሚያልፍበት ጋር እኩል ይሆናል። ለባሕር የተዘጋጀውን የመውጫ ሰንጠረዥ ይዞ ወደ ተራራ የሚመጣ ጠላቂ እንግዲህ ራሱን እያታለለ ነው።

ይህ ችግር በዓለም የታወቀው በ1960ዎቹ ሲሆን፥ ኩስቶ ራሱ በ1968 ከባሕር ጠለል በላይ 3,812 ሜትር በሆነው በቲቲካካ ሐይቅ ጠልቋል። ለከፍታ የሚሆን አስተማማኝ ሰንጠረዥ ግን የተገኘው የተራራ ሐይቅ በሞላባት በስዊስ ነው። በዙሪክ የሚሠራው ሐኪም አልበርት ቡልማንና ባልደረቦቹ በ1976 ለልዩ ልዩ ከፍታ የሚሆኑ ሰንጠረዦችን አሳተሙ፤ ዛሬ ጠላቂዎች በእጃቸው ላይ የሚያስሩት ሒሳብ አስሊ መሣሪያ በብዛት በቡልማን ስሌት ላይ የተመሠረተ ነው። የስሜንን በረዶና አፈር ያጠናው ሰውና የከፍታ መጥለቅን ስሌት ያወጣው ሐኪም ሁለቱም የስዊስ ሰዎች መሆናቸው ድንገተኛ ቢሆንም የማያስደንቅ ነው።

ከከፍታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥራት ነው። ጥራት ማለት እዚህ ላይ ውኃው ለመጠጥ መስማማቱ ሳይሆን ዐይን ወደ ውስጥ የሚያይበት ርቀት ነው። የሚለካበትም መሣሪያ እጅግ ቀላል ነው። አንጄሎ ሴኪ የተባለው ኢጣሊያዊ ካህንና የከዋክብት ተመራማሪ በ1865 በጳጳሱ መርከብ ላይ ሆኖ ነጭ ክብ ሳህን በገመድ አስሮ ወደ ባሕር አወረደ፤ ሳህኑ ከዐይን የተሰወረበትንም ጥልቀት መዘገበ። ከዚያ ወዲህ የዓለም ሐይቆች ጥራት በሴኪ ሳህን ይለካል። መሣሪያው ሀብት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ዛሬ የተለካውን ለነገ ጽፎ የሚያቆይ ሰው ነው። የኢትዮጵያ ሐይቆች ችግርም በዚሁ ላይ ነው።

በአገራችን በብዛት የተለኩት የቢሾፍቱ ሐይቆች ናቸው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ በሆነ አገር ላይ፥ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተከፈቱ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ስለ ሆኑ ስፋታቸው ትንሽ፥ ጥልቀታቸው ብዙ ነው። በ1926 እና 1927 ኦመር ኩፐር የተባለው እንግሊዛዊ፥ ኋላ ወደ ስሜን ከሚወጣው ከሂዩ ስኮት ጋር መጥቶ፥ ከእነዚህ ሐይቆች የውኃ እንስሳትን ሰበሰበ። በ1968 ደግሞ ፕሮሰር፥ ዉድና ባክስተር የተባሉ ተመራማሪዎች የቢሾፍቱን ሐይቆች ጥልቀትና የውኃ ጠባይ አሳተሙ፤ በልኬታቸውም የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር፥ ባቦጋያ 65 ሜትር ሆኑ። ጥልቀት ግን ጥራት አይደለም። ከእነዚሁ ሐይቆች ከአንዱ፥ አረንጓዴ ከሚባለው፥ በዚያ ዘመን አንድ ስንዝር ወደ ታች ማየት አይቻልም ነበር። ውኃው መውጫ ስለሌለው ፀሐይ እያተነነው ጨዋማ ሆኖ፥ አልጌ የሚባሉት ጥቃቅን ዕፀዋት ሞልተውት ነበርና። በጥልቆቹም ቢሆን ሌላ ነገር ይጠብቃል። የላዩ ውኃ ሞቆ ከታችኛው ጋር ሳይቀላቀል ለወራት ስለሚቆይ የታችኛው ክፍል አየር ያጣል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድና ነፋስ የላዩ ሲቀዘቅዝ ሁለቱ ይቀላቀሉና አንዳንድ ዓመት ዓሣው ሞቶ ይንሳፈፋል። የከተማው ሰው ይህን ክሥተት ሊቃውንቱ ሳይመጡ ያውቀዋል።

በጥራት ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የወሎው ሐይቅ ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው ይህ ውኃ ከሌሎቹ ሁሉ ልቆ ስሙ እንዲያው «ሐይቅ» ብቻ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የትምህርት ማዕከል ካደረጉ ወዲህ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሊቃውንት ከዚህ ውኃ ዳር ተምረዋል። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ገዳሙ በደሴት ላይ እንደ ነበረ፥ መነኮሳቱም በደንገል ታንኳ ይሻገሩ እንደ ነበረ፥ በሐይቁም ጉማሬ እንደ ኖረ ጽፏል። ዛሬ ገዳሙ የሚገኘው በእግር በሚኬድበት ልሳነ ምድር ላይ ነው። አልቫሬዝ የሐይቁን ጥልቀት ሳይለካ ውኃው መጉደሉን የሚያስረዳ ምስክር ትቶልናል ማለት ነው፤ የታሪክ ጸሐፊና የውኃ መሐንዲስ እርስ በርስ የሚፈላለጉት እንደዚህ ባለው ስፍራ ነው።

በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ የጣሊያን ተመራማሪዎች የሴኪን ሳህን ወደ ሐይቅ ባወረዱ ጊዜ ሳህኑ የታየው እስከ 9 ሜትር ገደማ ነበር። ይህ ለኢትዮጵያ ሐይቅ እጅግ ትልቅ ቁጥር ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ካሉት ከብዙዎቹ ሐይቆች ጋር ማነጻጸርም አይቻልም። ባክስተርና ጎሎቢች በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ የሐይቁን ጥልቀት 88 ሜትር አደረጉት። ጥልቅ፥ ጥርት ያለ፥ ከዋናው መንገድ ያልራቀ፥ ከፍታውም ለስሌት የማያስቸግር ሐይቅ ነበር፤ እዚያ 20 ሜትር መውረድ በባሕር 25 ሜትር ገደማ እንደ መውረድ ነው። ጊች የነፈገው ጠላቂ የሚፈልገው ሁሉ የተገኘው እንግዲህ በዚህ ነበር።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ለሕዝቡ ምግብ እንዲሆን ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በሐይቁ ተጨመረ። ዓላማው ቅን ነበር፤ ውጤቱም በከፊል ተገኝቷል፥ የአካባቢው ዓሣ አስጋሪዎች እስከ ዛሬ ይኖሩበታልና። ነገር ግን በ1992 ኤልዛቤት ከበደና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት የሴኪው ሳህን ከ1 ሜትር ብዙም ሳያልፍ ይሰወር ነበር። ውኃው በአልጌ ተሞልቷል። ለዚህ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ራሱ ዓሣው ነው። ቀድሞ አልጌውን እየበሉ ውኃውን ያጠሩ የነበሩት በውኃ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳት የዓሣው ምግብ ሲሆኑ አልጌው የሚቀንሰው አጣ። ዙሪያው ተራራ ዛፉን እያጣ፥ አፈሩ ከነፍሬ ነገሩ እየታጠበ መግባቱም የራሱ ድርሻ አለው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ የሚያከራክር ቢሆንም፥ በሐይቅ ዳር ያደገ ሽማግሌ ያየውና የልጅ ልጁ የሚያየው ውኃ አንድ አለመሆኑ አያከራክርም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የሐይቅን ለውጥ ልናውቅ የቻልነው ውኃው ገና ጥሩ በነበረ ጊዜ አንድ ሰው በታንኳ ወጥቶ ሳህን በገመድ ስላወረደና የተነበበውን ስለ ጻፈ ብቻ ነው። ያ ልኬት ባይኖር ኖሮ የ1992ቱ ተመራማሪዎች ያዩትን አረንጓዴ ውኃ የሐይቁ የተፈጥሮ መልክ ነው ብለው በተቀበሉት ነበር። የሽማግሌዎቹም ምስክርነት ምናልባት «ድሮ ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር» ከሚለው የተለመደ ንግግር ጋር ተቆጥሮ ይቀር ነበር።

ሌሎቹ የደጋ ሐይቆች ይህን ዕድል በሚገባ አላገኙም። በአገው ምድር፥ ከእንጅባራ አጠገብ፥ በዛፍ በተከበበ ክብ አፍ ውስጥ የተኛው ዘንገና ለዐይን ከሁሉ ያማረ ነው፤ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ጥልቀቱ 166 ሜትር ነው እየተባለ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ይተላለፋል፤ እውነት ከሆነ ከሻላ ቀጥሎ ከአገሪቱ ሐይቆች ሁለተኛ ያደርገዋል። ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል። የራስ ደጀንን ታሪክ የሚያስታውስ አንባቢ ግን ደጋግሞ መጻፍና ደጋግሞ መለካት አንድ እንዳልሆኑ አይዘነጋም።

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፥ ከአምቦና ከወሊሶ መካከል ያሉት ደንዲና ወንጪ ደግሞ በ2,800 እና በ2,900 ሜትር መካከል የሚገኙ የእሳተ ገሞራ አፍ ሐይቆች ናቸው። ስለ ውኃቸው ጠባይ የመጀመሪያው የተሟላ ጥናት የታተመው በ2014፥ በፋሲል ደገፉና ባልደረቦቹ ነው። በዚህም ጥናት የደንዲ ጥልቀት 56 ሜትር፥ የወንጪ 107 ሜትር ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ የወጣው የገደሉ ግድግዳ ታርሶ፥ ከብት እስከ ውኃው ዳር በሚሰማራበት ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ውኃው ምን ያህል ጥሩ እንደ ነበረ የሚናገር ሳህን አልወረደም፤ ለወንጪ መነሻው 2014 ነው ማለት ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ፥ በ2021፥ የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መረጠው፤ መንገድና ማረፊያም ተሠራለት። የሚመጣው እንግዳ ቁጥር እየበዛ በሄደ መጠን ያ አንድ ጥናት የሚሸከመው ነገር እየከበደ ይሄዳል።

ጠላቂም አንድ ቀን ወደ ወንጪ መምጣቱ አይቀርም። ጥልቀቱ ይበቃዋል፤ ወንዝ የሚያመጣው ጭቃም ብዙ አይደለም። ሊጠነቀቅበት የሚገባው ግን በባሕር የማይገጥመው ነገር ነው። በባሕር የጠለቀ ሰው ከውኃ ሲወጣ ወደ ላይ የሚያደርገው ጉዞ ያበቃል፤ በወንጪ ግን ሐይቁ የተኛው ከአፋፉ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ስለ ሆነ ከውኃው የወጣው ሰው ገና ተራራ ይጠብቀዋል። ናይትሮጅኑ ከሰውነቱ እስኪወጣ ድረስ፥ ባለ ፈረሶቹ ከዳር ቆመው ቢጠሩትም፥ ያን ቀን ከጨርቆሱ ደሴት ትይዩ ከውኃው ዳር ሰፍሮ ማደር ይኖርበታል።